የአንድ ሺህ እይታ ዋጋ፦ የማስታወቂያ ጨረታ የኢንተርኔትን መልክ እንዴት ይቀርጻል?

በስልካችሁ አንድ የዜና ሊንክ ስትነኩ፣ ጽሑፉ ተከፍቶ ሳያልቅ አንድ ጨረታ ተጀምሮ ይዘጋል። ለጨረታ የቀረበው በጽሑፉ መሀል ያለችው ባዶ ቦታ ናት፤ ዋጋዋን የሚወስነው ግን ቦታዋን የምታያት አንባቢ ማን እንደሆንክ፣ የት እንዳለህና ምን እንደምትገዛ ነው። ተጫራቾቹ ማሽኖች ናቸው፤ ለመወሰን የሚሰጣቸው ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። በነፃ የምናነበውና የምናየው አብዛኛው ይዘት ወጪው የሚሸፈነው በዚህ መንገድ ነው። ርዕሶች ለምን እንደሚያጋንኑ፣ ቪዲዮዎች ለምን እንደሚንዛዙ፣ ብዙ ተመልካች ያለው የአማርኛ ገጽ ለምን ሁለት ጋዜጠኛ መቅጠር እንደሚያቅተው ለመረዳት የሚሻ ሰው ከጨረታው አሠራር ቢጀምር ሩቅ ይሄዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብራውዘሩ ገጹን ሲጠይቅ ከጽሑፉ ጋር ትንሽ ኮድ አብሮ ይመጣል። ኮዱ ማስታወቂያ ወደሚያስተናግደው ሰርቨር ሄዶ ቦታ መኖሩን ያሳውቃል። ሰርቨሩ ጥያቄውን ለጨረታ መድረኮች ያስተላልፋል፤ መድረኮቹ ደግሞ አስነጋሪዎችን ወክለው ለሚገዙ ሥርዓቶች ይበትኑታል። በጥያቄው ውስጥ የገጹ አድራሻ፣ የቦታዋ ስፋት (ለምሳሌ 300 በ250 ፒክስል)፣ የስልኩ ዓይነት፣ ከኢንተርኔት አድራሻው የተገመተ ከተማ፣ የድረ ገጹ ባለቤት የሚቀበለው ትንሹ ዋጋና ከተገኘ የአንባቢው መለያ ቁጥር ይገኛሉ። መለያው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከኩኪ፣ ማለትም በብራውዘሩ ውስጥ ከሚቀመጥ ትንሽ ፋይል ነው። ትናንት ጫማ ስትመለከት በጫማ ሻጩ ገጽ ላይ ያለው የማስታወቂያ ኩባንያ ኮድ የሰጠህን ቁጥር ዛሬ የዜና ገጹ ላይ ያለው የዚያው ኩባንያ ኮድ ሲያነበው፣ ገዢው ሥርዓት አንተነትህን ለይቶ ከፍ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ቁጥሩ ካልተገኘ አንተ ማንም ነህ፤ ዋጋህም ይወርዳል።

ከፍተኛውን ዋጋ የሰጠ ያሸንፋል። ቀድሞ አሸናፊው የሚከፍለው ከሁለተኛው ተጫራች ዋጋ ጥቂት ከፍ አድርጎ ነበር፤ ጎግል መድረኩን እ.ኤ.አ. በ2019 (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ አንደኛ ዋጋ ጨረታ ከቀየረው ወዲህ የሰጠውን ያንኑ ይከፍላል። ከዚያ የማስታወቂያው ምስል ከሌላ ሰርቨር ይጫናል፣ ይቆጠራል። ኔትወርክ ቀርፋፋ በሆነበት አገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጨረታው ሰዓቱ ያልፍበታል፣ ወይም ማስታወቂያው ተሽጦ አንባቢው ገጹን አልፎ ከሄደ በኋላ ይደርሳል። በቆጠራው ደረጃ አንድ ማስታወቂያ «ታይቷል» የሚባለው ከስፋቱ ቢያንስ ግማሹ ለአንድ ተከታታይ ሰከንድ ስክሪን ላይ ሲቆይ ነው፤ ለቪዲዮ ሁለት ሰከንድ ያስፈልጋል። ቦታው ተሽጦ እንደ መታየት ካልተቆጠረ አስነጋሪው በሚቀጥለው ጊዜ ለዚያ ገጽ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው የታሰበ አልነበረም። የኢንተርኔት ዋና መስመር በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን እጅ በነበረበት ዘመን ደንቡ መስመሩን ለምርምርና ለትምህርት እንጂ ለንግድ መጠቀምን አይፈቅድም ነበር። መስመሩ በሚያዝያ 1995 ተዘግቶ አገልግሎቱ ወደ ግል ኩባንያዎች ዞረ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1994፣ ሆትዋየርድ የተባለው ድረ ገጽ የአሜሪካውን የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲን የባነር ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። ኩኪም የተፈጠረው በዚያው ዓመት በብራውዘር ሠሪው ኔትስኬፕ ውስጥ ነው፤ ፈጣሪው ሉ ሞንቱሊ ያሰበው ገዢ ከገጽ ወደ ገጽ ሲሄድ ቅርጫቱ እንዳይጠፋበት ነበር። ሰውን በየድረ ገጹ ለመከታተል የዋለው በኋላ፣ በማስታወቂያ ኩባንያዎች እጅ ነው። ወሳኙ ለውጥ ደግሞ በ1998 የመጣው ጎቱ ዶት ኮም የፍለጋ ውጤትን በጨረታ መሸጡ ነበር። ጎግል ተከተለና የማስታወቂያ መሸጫውን አድወርድስን በ2000 ጀመረ፤ በ2003 አድሴንስን ከፍቶ ማንኛውም ባለ ድረ ገጽ ቦታውን ለዚሁ ጨረታ እንዲያቀርብ አደረገ።

የሚገኘውን ገንዘብ በቁጥር እንየው። የማስታወቂያ ዋጋ የሚነገረው ለአንድ ሺህ እይታ ነው፤ በሥራው ላይ ያሉት ሲፒኤም ይሉታል። በወር 200,000 ጊዜ የሚከፈት ድረ ገጽ እንውሰድ፤ በእያንዳንዱ ገጽ 4 የማስታወቂያ ቦታ አለው እንበል። ይህ 800,000 ቦታ ነው። ከነዚህ 60 በመቶው ገዢ ቢያገኝ 480,000 ይሆናል። የአንድ ሺህ እይታ ዋጋ 40 ሳንቲም ዶላር ከሆነ ጠቅላላ ሽያጩ 192 ዶላር ነው። መድረኩ 20 በመቶ ሲቆርጥ ለባለቤቱ 153 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይቀራል። ይኸው ድረ ገጽ፣ ይኸው ጽሑፍ፣ አንባቢዎቹ አሜሪካ ቢሆኑና ዋጋው 4 ዶላር ቢደርስ በእጁ የሚገባው 1,536 ዶላር ነው። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው፤ አሥር እጥፍ ልዩነቱ ግን የተጋነነ አይደለም። ፌስቡክ በ2023 የመጨረሻ ሩብ ዓመት ከአንድ የአሜሪካና የካናዳ ተጠቃሚ በአማካይ 68 ዶላር ገደማ ገቢ አግኝቷል። አፍሪካን ጨምሮ «የተቀረው ዓለም» ብሎ ከሚመድበው ክፍል ግን ከአንድ ሰው ያገኘው ከ6 ዶላር በታች ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ ገቢውን ማሳደግ ሲፈልግ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ብዙ ሰው ማስከፈት፣ በአንድ ገጽ ብዙ ቦታ ማስገባት፣ አንባቢው ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ማድረግ፣ ወይም ዋጋው ከፍ ያለ አንባቢ መሳብ። የምናማርርባቸው ነገሮች ሁሉ ከነዚህ አንዱን የሚያገለግሉ ናቸው። ርዕሱ የጉዳዩን ፍሬ የሚደብቀው መነካት ስለሚከፍል ነው። አንድ የምግብ አሠራር ከመጀመሩ በፊት አሥር አንቀጽ የሚቀድመው በአንቀጾቹ መሀል ቦታ ስለሚገኝ ነው። ከስክሪኑ ግርጌ ተለጥፎ አብሮ የሚወርደው ማስታወቂያ ያቺን የአንድ ሰከንድ መለኪያ ያለጥርጥር ለማሟላት የተሠራ ነው። አንድ ቦታ ላይ የተቀመጠው ምስል በየ30 ሰከንዱ የሚለዋወጠውም አንዱን ቦታ ደጋግሞ ለመሸጥ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚታየው ዩቲዩብ ላይ ነው። ለረጅም ዘመን በቪዲዮ መሀል ማስታወቂያ ማስገባት የሚቻለው ቪዲዮው 10 ደቂቃ ከሞላ ብቻ ነበር። ስድስት ደቂቃ የሚበቃው ወሬ አሥር ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ የሚሆነው ለዚህ ነበር። በሐምሌ 2020 ወሰኑ ወደ 8 ደቂቃ ወረደ፤ ስምንት ደቂቃን በጥቂት ሰከንድ የሚያልፉ ቪዲዮዎችም በዙ። ከዚያ በፊት በ2012 ኩባንያው ቪዲዮ የሚጠቁምበትን መስፈርት ከእይታ ብዛት ወደ ታየበት ጊዜ ርዝመት ቀይሮት ነበር፤ ሰውን አስቆይቶ የሚያናድድ ወይም የሚያስፈራ ንግግር በዚህ መለኪያ ሁልጊዜ ይቀናዋል። ክፉ ሰው አልሾመውም፤ የመለኪያው ውጤት ነው። መለኪያውን የመረጠው ግን ኩባንያው ነው፤ ስለዚህ ከኃላፊነት አያመልጥም።

መለኪያው ራሱ ሲሳሳት ደግሞ የሰው እንጀራ ይሄዳል። ፌስቡክ በ2016 ቪዲዮ በአማካይ የታየበትን ጊዜ አጋንኖ ሲያሳውቅ እንደነበር አመነ፤ ስሌቱ ከሦስት ሰከንድ በታች የታዩትን ከአካፋዩ ውጭ አድርጓቸው ነበር። በነዚያ ዓመታት በርካታ የምዕራብ የዜና ተቋማት ጸሐፊዎችን ቀንሰው ወደ ቪዲዮ ዞረዋል። ኩባንያው አስነጋሪዎች ያቀረቡበትን ክስ በ2019 በ40 ሚሊዮን ዶላር ጨረሰ። ከሥራ የወጡት ጸሐፊዎች ከዚያ ላይ አንድም ሳንቲም አልደረሳቸውም።

አሁን በሻጭና በገዢ መሀል ወዳሉት መካከለኞች እንምጣ። ጎግል የማስታወቂያ ቴክኖሎጂ ኩባንያውን ደብልክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት የተስማማው በ2007 ነው፤ ግዢው በ2008 ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ በአንድ በኩል ድረ ገጾች ቦታቸውን የሚያስተዳድሩበት ሰርቨር፣ በሌላ በኩል አስነጋሪዎች የሚገዙበት መሣሪያ፣ በመሀል ደግሞ ጨረታው የሚካሄድበት መድረክ በአንድ ኩባንያ እጅ ገቡ። የሻጩ ደላላ፣ የገዢው ደላላና የበረንዳው ባለቤት አንድ ሰው የሆነበትን ገበያ አስቡት፤ ዋጋው ስንት እንደነበር የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ድረ ገጾች ይህን ለመስበር ከ2014 እና 2015 ጀምሮ ብዙ መድረኮችን በአንድ ጊዜ በገጹ ላይ የሚያጫርት ኮድ መጠቀም ጀመሩ። ዋጋቸው ከፍ አለ፤ ነገር ግን የሁሉም መድረክ ኮድ በአንባቢው ስልክ ላይ ስለሚሠራ ገጹ ከበደ፣ ባትሪና ዳታም በላ። ዳታ በጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ከኪሱ የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ የማስታወቂያውን ማጓጓዣ የሚከፍለው አንባቢው ነው።

ሚያዝያ 17 ቀን 2025 በቨርጂኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ሊዮኒ ብሪንኬማ ጎግል የድረ ገጾችን የማስታወቂያ ሰርቨርና የጨረታ መድረኩን ገበያ በሕገ ወጥ መንገድ በብቸኝነት መያዙን፣ ሁለቱንም አስሮ መሸጡን ወስነዋል። በመስከረም 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን ጎግልን በዚሁ የማስታወቂያ ሥራ 2.95 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ። ቀደም ብሎ በነሐሴ 2024 ዳኛ አሚት ሜታ በፍለጋው ገበያ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥተው ነበር፤ በዚያ ክርክር ጎግል በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ ለመቀመጥ በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ታወቀ። አዲስ ስልክ ስንከፍት የምናገኘው መፈለጊያ ምርጫችን ሳይሆን በገንዘብ የተገዛ ቦታ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በመንገድ ላይ የሚቀረው ገንዘብም ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ አስነጋሪዎች ማኅበር ኢስባ ከኦዲት ድርጅቱ ፒደብሊውሲ ጋር በ2020 ያወጣው ጥናት አስነጋሪው ካወጣው ገንዘብ ለድረ ገጾቹ የደረሰው 51 በመቶ መሆኑን አሳየ። 15 በመቶው ደግሞ የት እንደገባ መከታተል አልተቻለም። ማጭበርበሩ በዚህ ጨለማ ውስጥ ይኖራል። በ2017 የእንግሊዙ ጋዜጣ ፋይናንሻል ታይምስ በስሙ የሚሸጡ ነገር ግን የእሱ ያልሆኑ ቦታዎችን በየመድረኩ አገኘ፤ የሐሰተኛው ሽያጭ ግምት በወር አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ለዚህ በዚያው ዓመት የወጣው መከላከያ አድስ.ቲኤክስቲ የሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የድረ ገጹ ባለቤት ቦታውን እንዲሸጥለት የፈቀደለትን ሁሉ በግልጽ ይዘረዝርበታል። ሌላው ችግር ለጨረታው ብቻ የሚሠሩ ገጾች ናቸው። የአሜሪካ አስነጋሪዎች ማኅበር በ2023 ባጠናው ናሙና ከማስታወቂያ እይታዎቹ 21 በመቶው፣ ከወጪው 15 በመቶው ወደነዚህ ሄዷል። ጽሑፋቸው ተራ ቅጂ፣ ቦታቸው ግን ብዙና ሁልጊዜ የሚታይ ነው፤ በመለኪያው ከጥሩ ጋዜጣ ይበልጣሉ።

የክትትሉ ነገር እየጠበበ መጥቷል። የአፕል ሳፋሪ ብራውዘር የሦስተኛ ወገን ኩኪን፣ ማለትም ከተከፈተው ድረ ገጽ ውጭ ያለ ኩባንያ የሚያስቀምጠውን፣ ሙሉ በሙሉ የዘጋው በመጋቢት 2020 ነው። በሚያዝያ 2021 ደግሞ አይፎን መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ለመከታተል ፈቃድ እንዲጠይቁ አስገደደ፤ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሜታ ይህ በ2022 ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያሳጣው ገምቶ ነበር። ጎግል በክሮም ላይ ይህንኑ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ሊያጠፋ በ2020 ቃል ከገባ በኋላ አራት ዓመት አዘግይቶ በ2024 ሐሳቡን ተወው። ከዚህ የተጠቀሙት የራሳቸው መግቢያ፣ የራሳቸው ሱቅና የራሳቸው መፈለጊያ ያላቸው ግዙፎች ናቸው፤ የአንባቢውን ማንነት ለማወቅ የሌላ ሰው ኩኪ አያስፈልጋቸውም። ትንሹ ድረ ገጽ ግን ያስፈልገው ነበር።

ለአማርኛ ይህ ምን ማለት ነው? አዲስ አበባ የተቀመጠ አንባቢ በዓለም ጨረታ ላይ ርካሽ ነው፤ በካርዱ ከውጭ የማይገዛ፣ የሚያስነግርለት ዓለም አቀፍ ነጋዴ የሌለው ሆኖ ይታያል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የተቀመጠው ያው የአማርኛ ተመልካች ግን ብዙ እጥፍ ያወጣል። ዩቲዩብ ከረጅም ቪዲዮ ገቢ 55 በመቶውን ለባለ ቻናሉ ሲሰጥ፣ የዚያ 55 በመቶ መጠን የሚወሰነው ተመልካቹ ባለበት አገር ነው። ስለዚህ አገር ቤት የተሠራ የአማርኛ ፕሮግራም ኑሮውን በማስታወቂያ የሚገፋ ከሆነ፣ ልቡ ወደ ውጭ ተመልካች ቢያዘነብል አይገርምም፤ በስንዴ ዋግ በሽታ ላይ ከሚሠራ ሰው በፖለቲካ ጡዘት ላይ የሚሠራው የተሻለ ይከፈለዋል። የስንዴ ዋጉን ማወቅ ያለበት ገበሬና የልማት ሠራተኛ በጨረታው ዋጋ የለውም። ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ መቀበል የለብንም።

ጉዳቱ ከገቢ ይከፋል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታ፣ ስሜት የሚቀሰቅሰውን የሚያስቀድመው የፌስቡክ አሠራር የብሔር ግጭትን እያባባሰ ነው ብላለች። ሰው የሚያስቆይ ይዘት በየትኛውም ቋንቋ ይገፋል፤ አደገኛውን የሚለዩ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ግን ገንዘብ ስለሚጠይቁ መጀመሪያ የሚመደቡት ገቢ ባለበት ገበያ ነው። ከአንድ ሰው በሩብ ዓመት 6 ዶላር የማያገኝ ኩባንያ ለዚያ ሰው ቋንቋ ስንት ይዘት ገምጋሚ ይቀጥራል? ደህንነትን በገቢ መጠን የሚያከፋፍል አሠራር ስህተት ነው፤ ሰው ሲሞት ጭምር የታየ ስህተት ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ስሌቱን እያናጋው ነው። ጎግል በግንቦት 2024 በአሜሪካ ከፍለጋ ውጤቱ በላይ ተዘጋጅቶ የተጻፈ መልስ ማቅረብ ጀመረ። መልሱ የተቀዳው ከድረ ገጾች ነው፤ አንባቢው ግን ገጹን ካልከፈተ ጨረታው አይካሄድም፣ ጸሐፊውም ምንም አያገኝም። ከድሮው የኢንተርኔት ደንብ የተረሳ አንድ ቁጥር እዚህ ላይ ተነሣ። የድር ቴክኒክ ደንብ ሲጻፍ 402 የሚል መልስ «ክፍያ ያስፈልጋል» ተብሎ ለወደፊት ተቀምጦ ነበር፤ 404ን («ገጹ አልተገኘም» የሚለውን) ሁሉም ሲያውቀው 402 ሥራ ሳያገኝ ቆየ። በሐምሌ 2025 ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ የማሽን ቃራሚዎች፣ ማለትም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይዘት የሚለቅሙ ፕሮግራሞች፣ ገጽ ለመቅዳት እንዲከፍሉ የሚያደርግ አሠራር በዚሁ ቁጥር ላይ ሠርቶ ለሙከራ አቀረበ። ለእንግሊዝኛ ትልልቅ ጋዜጦች የሚሠራ ውል ለአማርኛ ገጽ መድረሱ ግን በራሱ አይመጣም፤ መጠየቅ አለበት።

የአማርኛ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው እስከዚያው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። መጀመሪያ አድስ.ቲኤክስቲን ይፈትሽ፤ ፋይሉ በዋናው አድራሻ ሥር መሆን አለበት፣ በየመስመሩም የመድረኩ አድራሻ፣ የራሱ ሂሳብ ቁጥርና ሽያጩ በቀጥታ ወይም በሌላ ሰው በኩል መሆኑ ይጻፋል። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ገዢዎች ቦታውን ይዘሉታል፤ ባለቤቱም ገቢው ለምን እንደወረደ አያውቅም። ውላቸው ያለቀ መካከለኞችን ከዝርዝሩ ማውጣትም አይዘንጋ። ጓደኛና ዘመድ ማስታወቂያውን እንዲነካለት መለመን የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ሥርዓቱ በቀላሉ ይደርስበታል፣ ሂሳቡ ይዘጋል፣ የተጠራቀመውም ይያዛል። አድሴንስ ከ100 ዶላር በታች ስለማይከፍል ለትንሽ ገጽ ይህ የወራት ልፋት ነው።

ቦታ መጨመር ገቢ ይጨምራል ብሎ ማሰብም ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ከገጹ ግርጌ ያሉት ማንም የማይደርስባቸው ቦታዎች የገጹን አማካይ የመታየት መጠን ስለሚያወርዱ የላይኞቹን ዋጋ አብረው ይጎትታሉ። ሁለቱን ዝቅተኞች ለሁለት ሳምንት አንስቶ፣ ከአንድ ገጽ ሳይሆን ከአንድ ጎብኚ የተገኘውን ጠቅላላ ገቢ ማወዳደር ይሻላል። ቴሌግራም ቻናል ላላቸውም ከመጋቢት 2024 ወዲህ 1,000 ተከታይ ካለፉ ከማስታወቂያ ገቢው ግማሹን የሚያካፍል አሠራር አለ፤ ክፍያው ቶንኮይን በሚባል ዲጂታል ገንዘብ መሆኑን ግን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚሻለው ለአገር ውስጥ ነጋዴ በቀጥታ መሸጥ ነው። ዓለም አቀፉ ጨረታ የናቀው የአዲስ አበባ አንባቢ ለአዲስ አበባ የቤት ዕቃ ሻጭ፣ ለክሊኒክ፣ ለማሠልጠኛ ተቋም ወርቅ ነው። ቦታው በሺህ እይታ ሳይሆን በወር ቁርጥ ዋጋ ይሸጥ፤ መካከለኛ ስለሌለ ቆራጭ የለም፣ ምስሉም ከራስ ሰርቨር ስለሚጫን ገጹ አይከብድም፣ ኩኪም አያስፈልገውም። ለነጋዴው በየወሩ መጨረሻ የጎብኚ ብዛት፣ ከየትኞቹ ከተሞች እንደመጡ፣ ስንት ሰው ማስታወቂያውን እንደነካና ቀን ያለበት የገጹ ፎቶ ይሰጠው። ክፍያው ግማሹ በቅድሚያ ይሁን። ቆጠራው በየትኛው ወገን መሣሪያ እንደሚወሰንም ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ሁለት መሣሪያዎች ፈጽሞ እኩል አይቆጥሩም፣ በዓለም ላይ በተለመደው ውልም ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው የሚያጣሩት ልዩነቱ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ነው።